ድንጋይ የምትረሳ፣ ኩርባ የማትረሳ መኪና

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ይሸለማል። እኔ የተሸለምኩት ጉልበት ነው፤ ያውም የማይታጠፍ። ባለፈው ወር መኪና ሥር ገብቼ መውጣት አቃተኝና ባልደረቦቼ እግሬን ይዘው ጎትተው አወጡኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ግን ቱታዬን አውልቄ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩና "በቃኝ፣ ከእንግዲህ መኪና ከላይ ሆኜ ነው የማየው" አልኳቸው።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሞላና በባሌስትራ ነው። ሞተር አልነካም፣ ቀለም አልቀባም። መኪና ድንጋይ ላይ ስትወጣ የተሳፋሪው ጥርስ እንዳይጋጭ፣ ኩርባ ላይ ስትዞር ደግሞ እንዳትገለበጥ ማድረግ ነው ሥራዬ። ፒያሳ ተማርኩት። ከዚያ የአውቶቡስ ጋራዥ ገባሁ፤ እዚያ አንድ ብሎን ከዕቃ ግምጃ ቤት ለማውጣት ሦስት ፊርማ ይጠይቁን ነበር። ቀጥሎ አንድ መሥሪያ ቤት ተዛወርኩ፤ አለቃችን ክሪክና ካቻቢቴ የማይለይ ካድሬ ነበር፣ ስብሰባ ግን አያመልጠውም። ደመወዙን ተዉት፣ ለወሬም አይመችም። ዞሬ ዞሬ ተመልሼ የተቀመጥኩት ያው ፒያሳ ነው። ከምኒልክ አደባባይ እስከ አራት ኪሎ "መኪናዬ አንዘፈዘፈችኝ" ያለ ሰው ሁሉ "ግርማ ጋ ሂድ" ይባል ነበር። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ቢመስላችሁም ግድ የለኝም፣ እውነት ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ኪዳኔ ናቸው። አስመራ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበሩ። ሲናደዱ ትግርኛ፣ ሲቸኩሉ ጣሊያንኛ ይናገራሉ፤ በአማርኛ ሲያወሩ ደህና ናቸው ማለት ነው። ደርግ መጥቶ ጋራዣችን የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን፣ እሳቸው "ማስትሮ" መባላቸው ቀርቶ "ጓድ ኪዳኔ" ሆኑ። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ "ጓድ ኪዳኔ" ብሎ ሲጠራቸው ዞር ብለው እኔን "እሱ ማን ነው?" አሉኝ። ሳቄን ለመዋጥ መኪና ሥር ገባሁ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ባለመኪናው በሽታውን እንዲነግራቸው አይፈቅዱም። "ዝም ይበሉ ጌታዬ። እርስዎ ከነገሩኝ የምሰማው እርስዎን ነው፣ መኪናዋን አይደለም" ይላሉ። የቱንም ያህል ትልቅ ባለሥልጣን ቢሆን ዝም ያሰኙታል። ሁለተኛው የባሰ ነበር። ከሹፌሩ ጎን ያለውን መቀመጫ ፈትተው ያወጡና በቦታው ሳንቃ አስረው ይቀመጡበታል። መኪናዋ ስትሄድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ "ምነው ጋሼ፣ ይህን የመሰለ መቀመጫ እያለ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ስፖንጅ ውሸታም ነው" አሉኝ። "ሁሉን ደህና ነው ይልሃል። ሳንቃ ግን አይዋሽም፤ የትኛው ጎማ፣ የትኛው ጎሚኒ፣ ሁሉንም ቂጥህ ላይ ይጽፍልሃል።"

ደግሞ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ አንድ ነገር ቀይር፣ ንዳ፣ ከዚያ ሌላውን ቀይር። ሁለት ነገር ባንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንዳበላሸ አያውቅም ይላሉ። ይህን ሕግ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መስማትና ማመን ግን ለየቅል ናቸው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጋሽ ኪዳኔ የመንግሥት እርሻ ትራክተሮችን እንዲጠግኑ ለሁለት ሳምንት ተላኩ። ሲሄዱ "ፒያኖ ፒያኖ፣ አትቸኩል" ብለውኝ ነው። በሄዱ በሳምንቱ አንዲት ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና በገመድ እየተጎተተች ጊቢያችን ገባች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ለመሬት የቀረበች፣ አፍንጫዋ ረጅም። ሥራ ትተን ከበብናት። በዚያ ዘመን፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ሰዓት፣ እንዲህ ያለ መኪና ማየት ብርቅ ነበር።

ከኋላዋ አንድ ቀጭን ሰው ወገባቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው በእግራቸው መጡ። አወቅኳቸው፤ ጋሽ ሰይፉ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ መኪና ይወዳደሩ ነበር። በእንጦጦ ኩርባዎች ላይ ሲነዱ ያየ ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚያወራው። ከዚያ ታሰሩ። አራት ዓመት። ከወጡ ሁለት ወራቸው ነበር፤ ጀርባቸውን ምን እንዳደረጓቸው ማንም አይጠይቅም፣ እሳቸውም አይናገሩም። ያን ሁሉ ዓመት መኪናዋ ውቤ በረሃ እህታቸው ወይዘሮ አስካለ ጊቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ወይዘሮ አስካለም አብረዋቸው መጥተው ከኋላቸው ቆመዋል።

"ግርማ የምትባለው አንተ ነህ?" አሉኝ ጋሽ ሰይፉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ትናንት አስነስቻት እስከ ምኒልክ አደባባይ ደርሼ ተመለስኩ። እያንዳንዱን ድንጋይ በጀርባዬ ቆጠርኩት። ዛሬ ልቀመጥባትም አልቻልኩ።" መኪናዋን ጣሪያዋ ላይ ዳበስ አደረጓት። "አለስልስልኝ። ግን አደራህን፣ ሶፋ እንዳታደርግብኝ። ኩርባ ላይ ያቺው የድሮዋ ትሁን።"

ወይዘሮ አስካለ "ሐኪሙ እኮ አትንዳ ብሎታል" አሉኝ፣ እኔ እንድከለክልላቸው ፈልገው ነው መሰል።

"ሐኪሙ መኪና የለውም" አሉ ጋሽ ሰይፉ።

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነበር። ሰውየው ሥራቸውን፣ ቤታቸውን፣ አራት ዓመታቸውን አጥተው የቀራቸው ይቺ መኪና ናት። እንደ ድሮው ከጠነከረች ጀርባቸው አይችላትም፤ ከተበላሸች ደግሞ የሳቸው መኪና አይደለችም። ጋሽ ኪዳኔን መጠበቅ ነበረብኝ። "ምን አለበት፣ እኔስ የማን ተማሪ ነኝ?" አልኩና ገባሁበት።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፣ አሁንም ያሳፍረኛል። ከአንዲት ከተሰባበረች ታክሲ ላይ ለስላሳና ረዘም ያለ ሞላ ፈትቼ የስፖርቷን ሞላ ቀየርኩ። በዚያው ቀን ደግሞ ሾካብዞርበሯን፣ ማለትም ሞላው ሲዘል ይዞ የሚያረጋጋውን ዘይት ያለበትን ቱቦ፣ ከፍቼ ወፍራሙን ዘይት በቀጭን ለወጥኩት። ሁለት ነገር ባንድ ቀን። ከዚያ ሞከርኳት። የት? ከጋራዡ እስከ ምኒልክ አደባባይና መልስ፣ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ቀስ እያልኩ። ያኔ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንሞክረው፤ ኩፖን ላለማቃጠል ሠፈር ዞረን እንመለሳለን። ሠፈራችን ውስጥ ድንጋይ እንጂ ፈጣን ኩርባ የለም። ድንጋዩ ላይ እንደ ጀልባ ሄደችልኝ። በስፖንጁ ላይ ተቀምጬ፣ ደስ ብሎኝ።

ጋሽ ሰይፉ መጥተው ነዷት። ድንጋዩ ላይ ስትወጣ ሊመጣ ያለውን ሕመም ጠብቀው ፊታቸውን ጨፈገጉ። ሕመሙ አልመጣም። ሲመለሱ ወርደው ግንባሬን ሳሙኝ። "ተባረክ፣ ልጄ ተባረክ" አሉኝ። ወይዘሮ አስካለ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ያን ዕለት መሬት አልረገጥኩም።

በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ጋሽ ሰይፉ በእግራቸው መጡና ቁልፉን የምሠራበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

"ምነው ጋሼ? መኪናዋስ?"

"እየጎተቱ ያመጧታል። እንጦጦ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ጋደል አለችና ኋላዋ ዞረ፣ ቦይ ውስጥ ገባሁ።"

"ተጎዱ እንዴ?"

"የፊት ፓራፋንጎዋ ተጣመመ እንጂ ምንም አልሆንኩም። መኪናዋም ደህና ናት። እኔ ነኝ።" ሁለት እጃቸውን አንስተው አዩአቸው። "ያቺን ኩርባ ዓይኔን ጨፍኜ የማልፋት ነበረች። እጄ የለም ግርማ። እዚያ ቀርቷል። ገዢ ፈልግልኝ።"

እዚያ ማለት የት እንደሆነ ይገባኛል። "ኋላዋ ዞረ" ባሉኝ ቅጽበት ደግሞ የማን ጥፋት እንደሆነም ገብቶኛል። የታክሲ ሞላ፣ ቀጭን ዘይት፤ እንዲህ ያለች መኪና በፍጥነት ኩርባ ስትገባ ታጋድላለች፣ አጋድላም አትመለስም። ሌላ ሹፌር ቢሆን ገደል ነበር የሚገባው፤ ቦይ ውስጥ ያስገባቸው እጃቸው ነው፣ ያ የለም ያሉት እጃቸው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ምን አልኩ መሰላችሁ? "እሺ ጋሼ" አልኩ። በቃ። የሳሙኝ ግንባር ነበር መሰለኝ ያቃጠለኝ።

በማግስቱ አንድ ነጋዴ መጥቶ መኪናዋን አየ፣ ወደዳት፣ ረቡዕ መጥቼ እወስዳታለሁ አለ። ሰኞ ጋሽ ኪዳኔ ተመለሱ።

አቧራቸውን እንኳን ሳያራግፉ ቀይዋን መኪና ዞሯት። "የማን ናት?" ሲሉኝ ነገርኳቸው። "ምን ሆነች?" አላሉኝም፤ መቼ ይጠይቃሉ። መቀመጫውን አስፈቱኝ፣ ሳንቃውን አሰሩ፣ እኔን አስነዱኝ። ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ ስንወጣ አንድ መታጠፊያ ላይ "ፍጠን" አሉኝ። ፈጠንኩ። መኪናዋ ተንጋደደች፣ ጋሽ ኪዳኔ ከሳንቃው ተንሸራተው እኔ ላይ ወደቁ። ዓይናቸውን ገለጡ።

"ማነው የሠራት?"

"እኔ ነኝ።"

"ስንት ነገር ቀየርክ?"

"ሁለት።"

"ባንድ ቀን?"

"ባንድ ቀን።" ይጮሁብኛል፣ ይመቱኝም ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። በትግርኛ አንድ ነገር አጉረመረሙና ቀጠሉ። "ሰውየውስ ያውቃል?"

"አያውቁም ጋሼ። እጄ ነው የጠፋው ብለው ሊሸጧት ነው።"

"መኪናዋን አቁምልኝ" አሉ ጋሽ ኪዳኔ። "ብረት ማበላሸት ያለ ነው፣ እኔም ስንቱን አበላሽቻለሁ። ሰው በራሱ እጅ ላይ እንዲያዝን አድርጎ መተው ግን ሥራ አይደለም። አንድ ብሎን ሳትነካ አሁኑኑ ሂድና ንገረው።"

ወደ ውቤ በረሃ ስሄድ መንገዱ ያለወትሮው አጭር ሆነብኝ። ወይዘሮ አስካለ በሩን ከፈቱልኝ። ጋሽ ሰይፉ ጊቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እንደቆምኩ ተናገርኩ፣ ብቀመጥ ኖሮ አልናገረውም።

"ጋሼ፣ እጅዎ ምንም አልሆነ። የጠፋው የኔ እጅ ነው። ሞላውን አበላሽቼዋለሁ፣ ዘይቱንም እንደዚያው። ያቺን ኩርባ በዚያ ሞላ ማንም አያልፋትም።"

ገርጥተው አዩኝ። "ቅዳሜ ስነግርህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሦስት ቀን!" ብለው ጮኹ፤ ጎረቤት ሰምቷል። "ሦስት ቀን ሙሉ ብርጭቆ ሳነሳ እጄን ሳየው፣ ሸሚዝ ስቆልፍ እጄን ሳየው! አንተ እያወቅክ! ውጣ ከዚህ! ውጣልኝ!"

"ሰይፉ፣ ተው በማርያም" አሉ እህታቸው።

ወጣሁ። የውጭውን በር ይዤ ሳለሁ ከኋላዬ ድምፃቸው መጣ። "አንተ ልጅ!" ዞርኩ። ተነስተው ቆመዋል፣ ወገባቸውን ይዘው። "መቼ ትጨርሳታለህ?"

ረቡዕ ነጋዴው ሲመጣ ጋሽ ኪዳኔ በር ላይ ጠብቀው "መኪናዋ ታማለች" አሉት። "ምኗን?" አላቸው። "አንተን አይመለከትህም፣ ትድናለች" ብለው ሸኙት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት በሥራ ዘመኔ ሁሉ የምኮራበት ነው። መጀመሪያ የታክሲውን ሞላ አውጥተን የራሷን መለስን። "ጥንካሬ ሁለት ዓይነት ነው" አሉኝ ጋሽ ኪዳኔ። "አንዱ ድንጋይ ላይ ይመታሃል፣ ሌላው ኩርባ ላይ ይይዝሃል። አንተ ሁለቱንም ባንድ ላይ ጣልካቸው። የሚመታውን ብቻ ፈልገን እናውጣ።" ሳንቃው ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ነዳኋት። "ኋላ" አሉ። የኋላውን ባሌስትራ አወረድን። ለዓመታት ቆማ፣ ተደራራቢዎቹ ብረቶች ዝገው አንድ ላይ ተጣብቀዋል፤ ባሌስትራ መሆኑ ቀርቶ የሐዲድ ብረት ሆኗል። አንድ በአንድ ለይቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ በየመሐሉ ግራሶ ቀብቼ መልሼ አሰርኩት። ነዳናት። ግማሹ ምት ጠፋ።

ቀጥሎ ጎሚኒዎቹ ሆኑ፤ ብረት ከብረት እንዳይነካካ በየመጋጠሚያው የሚገቡት ጎማዎች ማለት ነው። ደርቀው ድንጋይ ሆነዋል። አዲስ ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነበርና ከአሮጌ የፋብሪካ ቀበቶ ላይ በጩቤ ቆርጬ፣ በቶርኖ ማሽን አስበስቼ፣ አሥራ ሁለቱንም ሠራኋቸው። ሁለቱን ጋሽ ኪዳኔ በጣታቸው ጨምቀው ብቻ ወረወሯቸውና ደግሜ ሠራሁ። ነዳናት። ቀጥሎ መኪናዋ በጣም ስትወርድ የምታርፍበትን የማቆሚያ ጎማ አንድ ሦስተኛውን ቀነስንላት። ነዳናት። ሾካብዞርበሩን በመጨረሻ ከፈትነው፤ ጋሽ ኪዳኔ ወፍራምና ቀጭን ዘይት በሻይ ብርጭቆ እየለኩ ቀላቀሉ፣ ማንኪያ ነክረው ጠብታው ሲወርድ ቆጠሩ፣ እንደገና ቀላቀሉ። ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ የሚሻገረውን፣ መኪናዋን ከመጋደል የሚይዛትን ብረት ግን ጠበቅ አድርገን አሰርነው እንጂ አልነካነውም። ሞላዋም የራሷ ሞላ ነው። ምስኪን ሞላ! ከመጀመሪያውም ጥፋት አልነበረበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሰይፉ መጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገሩኝም ነበር፤ ያን ዕለትም ሰላምታቸው ለጋሽ ኪዳኔ ነው። ሹፌሩ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እኔ ለጋሽ ኪዳኔ ሌላውን በር ከፈትኩ።

"የለም" አሉ ጋሽ ኪዳኔ፣ "ሥራህ ላይ አንተው ተቀመጥበት።"

ሳንቃው ላይ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከጋራዡ ስንወጣ ድንጋዩ ከሥሬ ይሰማኛል፤ ዱብ ዱብ ይላል፣ ግን አይወጋም። በጎን ጋሽ ሰይፉን አየኋቸው። ፊታቸውን አልጨፈገጉም። እንጦጦ ወጥተን ዞርንና ቁልቁል ጀመርን። የመጀመሪያውን ኩርባ በዝግታ አለፉ። ሁለተኛው ሲመጣ ጣቶቻቸው መሪው ላይ ነጡ፣ ፍሬን ያዙ፣ እንደ አሮጊት አለፍናት። ታች ደርሰው ዞሩና እንደገና ወጡ። ሁለተኛው ዙር ትንሽ ፈጠነ። ሦስተኛው ዙር ላይ ያቺ ኩርባ ስትመጣ እግራቸው ፍሬን አልነካም። መኪናዋ ጎንበስ አለች፣ ተቀመጠች፣ መንገዱን ነከሰች። እኔ በሳንቃው ላይ ተንሸራትቼ በሩ ላይ ተለጠፍኩ።

"ኪዳነ ምሕረት!" አልኩ።

ጋሽ ሰይፉ ሳቁ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እስከ ታች እየሳቁ ወረዱና ዳር ይዘው አቆሙ።

"ውረድ" አሉኝ።

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ምንም አላጠፋህም። አሁን ብቻዬን ልሂድ።" ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው፣ አላነሷቸውም። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አልወሰዱትም ግርማ። ለካ አልወሰዱትም።"

ወረድኩ። መኪናዋ ዞራ ሽቅብ ሄደች። መንገድ ዳር ቆሜ አዳመጥኩ፤ ወጣች፣ ከዛፎቹ ጀርባ ድምፅዋ ጠፋ፣ ቆይታ ስትወርድ ተሰማች። ጎማዋ አንዴም አልጮኸም። አጠገቤ ስትደርስ አልቆመችም፣ እንደገና ዞራ ወጣች። እኔም እንባዬን እየጠረግኩ በእግሬ ወደ ፒያሳ ወረድኩ።

ጋሽ ኪዳኔ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አቧራዬንና ባዶ እጄን አዩ።

"መኪናዋስ?"

"ይዘዋት ሄዱ።"

"አንተንስ?"

"መንገድ ላይ አወረዱኝ።"

ጋሽ ኪዳኔ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ያዙኝ። "እሰይ!" አሉ፣ "እንኳን አወረዱህ!"